ሁለት በመቶ ትንሽ አይደለም፦ ስለ ሚውቹዋል ፈንድ ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በድሬዳዋ ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ዘንድ፣ አልፎም ሐረር ድረስ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ገንዘብን ባንክ ማስቀመጥ ኪሳራ ነው። ሚውቹዋል ፈንድ (የብዙ ሰዎችን ገንዘብ በአንድ ሰብስቦ አክሲዮን፣ ቦንድና የመሳሰለውን የሚገዛ ተቋም) ግን በባለሙያ የሚመራ፣ አደጋው የተበተነ፣ ክፍያው ሁለት በመቶ ብቻ የሆነ፣ በዓመት 12 በመቶ ሲያስገኝ የኖረ፣ በፈለጉት ቀን ገንዘብ የሚወጣበት ዘመናዊ ዕቁብ ነው። ውጭ አገር ዘመድ ላለው ደግሞ ከብር መውደቅ መጠለያ ይሆናል። በመጨረሻም፣ ፈቃድ ያለው ፈንድ የመንግሥት ዋስትና ስላለው አያሰጋም ብሎ ይደመድማል።

መነሻው ትክክል ነው። የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ በሆነበት አገር፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲደርስ ያየ ሰው ለጥሪቱ ሌላ ማስቀመጫ ቢፈልግ አይፈረድበትም። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቷል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። ከአሁን በኋላ ስለ ፈንድ የሚያወራና የሚሸጥ ሰው እየበዛ እንጂ እያነሰ አይሄድም። ትልቁ ስህተት ጽሑፉ ትርፉን የተረጋገጠ፣ ወጪውን ግን ኢምንት አድርጎ ማቅረቡ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ትርፉ ሊመጣም ሊቀርም ይችላል፤ ወጪው ግን ቢተረፍም ቢከሰርም ይቆረጣል።

«ሁለት በመቶ ብቻ»

ከሁሉ አስቀድሞ ክፍያው እንዴት እንደሚወሰድ እንይ። ፈንዱ ያለው አክሲዮን፣ ቦንድ (ወለድ የሚከፈልበት የብድር ሰነድ)፣ የግምጃ ቤት ሰነድ (የመንግሥት የአጭር ጊዜ ብድር) እና ጥሬ ገንዘብ በየቀኑ ይደመራል፤ ዕዳና ወጪ ይቀነሳል፤ የቀረው በዩኒቶቹ፣ ማለትም ለባለገንዘቦቹ በተሸጡት እኩል ድርሻዎች፣ ብዛት ይካፈላል። 1 ሚሊዮን ዩኒት የሸጠ ፈንድ 105 ሚሊዮን ብር ንብረትና 5 ሚሊዮን ብር ዕዳ ቢኖረው የአንዱ ዩኒት ዋጋ 100 ብር ይሆናል። የአስተዳደር ክፍያው የሚቆረጠው እዚሁ ስሌት ውስጥ ነው። በ100 ሚሊዮን ብር ላይ በዓመት 2 በመቶ ማለት 2 ሚሊዮን ብር ነው፤ በቀን ሲመነዘር 5,479 ብር ገደማ። ይህ ገንዘብ የዕለቱ ዋጋ ከመውጣቱ በፊት ተቀንሶ አልቋል። ደረሰኝ የለውም። ባለገንዘቡ በሚደርሰው መግለጫ ላይ «ከእርስዎ ይህን ያህል ተወሰደ» የሚል መስመርም አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። በድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ላይ ሃምሳ ብር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት የሚከራከር ሰው ይህን ክፍያ ዓመት ከዓመት ሳይጠይቅ የሚከፍለው ስለማያየው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሁለት በመቶው የሚሰላበት መሠረት ነው። የሚሰላው በትርፉ ላይ ሳይሆን በጠቅላላ ገንዘቡ ላይ ነው። ከ100 ብር 10 ብር ቢገኝ፣ 2 ብሩ ከትርፉ 20 በመቶ ነው። 5 ብር ቢገኝ 40 በመቶ ይሆናል። በኪሳራ ዓመት ደግሞ ከዋናው ይነሳል።

አሁን ጊዜ እንጨምርበት። 100,000 ብር በየዓመቱ 10 በመቶ እያደገ ያለ ምንም ወጪ 20 ዓመት ቢቀመጥ 672,750 ብር ገደማ ይደርሳል። ሁለት በመቶ እየተቆረጠ በ8 በመቶ ቢያድግ 466,100 ብር ይሆናል። ልዩነቱ ከ206,000 ብር በላይ ነው፤ መጀመሪያ የገባው ገንዘብ እጥፍ ማለት ነው። በዓመት 0.2 በመቶ ብቻ የሚያስከፍል ፈንድ ቢሆን ኖሮ በዚያው ዕድገት 648,700 ብር ገደማ ይገኝ ነበር። ጽሑፉ ትንሽ ያለው ቁጥር ይህንን ሁሉ የሚበላው፣ የተቆረጠው ብር ራሱ ብቻ ሳይሆን ያ ብር በቀሩት ዓመታት ሊወልድ ይችል የነበረውም አብሮ ስለሚሄድ ነው።

ሁለት በመቶውም ቢሆን ሙሉው ወጪ አይደለም። ብዙ ፈንዶች ሲገቡ የመግቢያ ኮሚሽን ይጠይቃሉ። በአሜሪካ ደንብ የሽያጭ ኮሚሽን ጣሪያው 8.5 በመቶ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። 5 በመቶ ኮሚሽን ከተከፈለ ሥራ የሚጀምረው 95,000 ብር ነው፤ ወደ 100,000 ለመመለስ ብቻ 5.26 በመቶ ማደግ አለበት። ሌሎቹ ደግሞ መግቢያው ላይ ዝም ብለው ከተወሰነ ዓመት በፊት ለሚወጣ ሰው የመውጫ ቅጣት ያስቀምጣሉ። ሌላም አለ፦ በአሜሪካ ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፈንዶች የማስታወቂያና የሻጭ ወጪያቸውን ከባለገንዘቦቹ ንብረት ላይ እንዲከፍሉ ተፈቅዷል። ጣሪያው ለሽያጭ 0.75፣ ለአገልግሎት 0.25፣ በድምሩ 1 በመቶ በዓመት ነው። አዲስ ደንበኛ ለመሳብ የሚወጣውን ገንዘብ ነባሩ ደንበኛ ይሸፍናል ማለት ነው። ስለዚህ «ምክሩ ነፃ ነው» የሚል ወኪል ሲያጋጥም ኮሚሽኑ ከማን፣ ስንት፣ ለስንት ዓመት እንደሚከፈለው መጠየቅ ነውር የለውም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚደበቀው የመገበያያ ወጪው ነው። አስተዳዳሪው አክሲዮን በገዛና በሸጠ ቁጥር ለብሮከር ኮሚሽን ይከፍላል፤ በገዢና በሻጭ ዋጋ መካከል ያለውንም ልዩነት ይሸከማል። ይህ ወጪ በአሜሪካም ቢሆን በታወጀው ዓመታዊ የወጪ መጠን ውስጥ አይካተትም። አንድ አክሲዮን ገዢው 480፣ ሻጩ 500 ብር የሚሉበት ከሆነ፣ በ500 ገዝቶ በማግስቱ በ480 የሚሸጥ ፈንድ ዋጋው ሳይንቀሳቀስ 4 በመቶ አጥቷል። የተመዘገቡ ኩባንያዎች ጥቂት፣ ግብይቱም ቀጭን በሆነበት እንደ እኛ ባለ ገበያ ይህ ልዩነት ሰፊ ነው። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ፈንዱ በዓመት ውስጥ ከያዘው ንብረት ስንት እጁን ይለዋውጣል የሚለው ነው። መቶ በመቶ ከሆነ በዓመቱ ሁሉንም ሸጦ ሌላ ገዝቷል ማለት ነው። ከላይ ባለው ስሌት ላይ 5 በመቶ መግቢያና በዓመት ግማሽ በመቶ የመገበያያ ወጪ ስንጨምር የ20 ዓመቱ ውጤት 403,500 ብር ገደማ ይሆናል። ሊገኝ ከሚችለው 572,750 ብር ትርፍ ውስጥ 47 በመቶው በመንገድ ላይ ቀረ። አደጋውን መቶ በመቶ የተሸከመው ግን ባለገንዘቡ ነው።

በባለሙያ ስለሚመራና ስለተበተነ

መበተን ጥቅም አለው፤ ይህን አንክድም። አንድ ኩባንያ ቢወድቅ ሌላው ይደግፋል። ነገር ግን መበተን የሚጠቅመው አደጋዎቹ የተለያዩ ሲሆኑ ነው። ከመጋላ እስከ ሳቢያን አሥር ሱቅ ያለው ነጋዴ፣ የአሥሩም ዕቃ በአንድ የጅቡቲ መንገድ የሚመጣ ከሆነ፣ መንገዱ የተዘጋ ዕለት አሥሩም ይቆማሉ።

የአገራችን ፈንድ ምን ሊይዝ እንደሚችል እናስብ። ለሕዝብ ከሚሸጡት አክሲዮኖች ብዙዎቹ የባንክና የኢንሹራንስ ናቸው። አሥር ባንክ የያዘ ፈንድ በወረቀት የተበተነ ይመስላል፤ አሥሩም ግን በአንድ ተቆጣጣሪ መመሪያ ሥር ናቸው። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ሲገደዱ ግዴታው ሁሉንም ነካ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገደብም እንደዚያው። አነስተኛው ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ይሁን ሲባል ባንኮቹ በተመሳሳይ ጊዜ አዲስ አክሲዮን ለመሸጥ ወጡ፤ አዲስ አክሲዮን በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ትርፍ ይሳሳል። ይህንን የመሰለ አደጋ የትኛውም አስተዳዳሪ በመበተን አያስወግደውም።

ስለ ባለሙያነቱ ደግሞ ሌላ አገር በሰፊው የተጠና ሐቅ አለ። የኖቤል ተሸላሚው ዊሊያም ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ1991 ያስቀመጡት ሒሳብ ቀላል ነው። አክሲዮን የሚመርጡና የሚያገላብጡ ባለሙያዎች ሁሉ በአንድነት ሲታዩ የሚያገኙት ገበያው የሰጠውን ነው፤ ክፍያቸው ሲቀነስ ደግሞ ከገበያው በታች ይሆናሉ። ለዚህ ነው ጆን ቦግል እ.ኤ.አ. በ1976 ለተራው ሰው የከፈቱት፣ ማንንም ሳይመርጥ ገበያውን በሙሉ የሚገዛው ኢንዴክስ ፈንድ በርካሽነቱ ብቻ ከውዶቹ አብዛኞቹን ለመቅደም የበቃው። በአሜሪካ የትልልቅ ኩባንያ አክሲዮን የሚመርጡ ፈንዶች በ10 እና በ15 ዓመት ሲለኩ አብዛኞቹ ከገበያው አማካይ ያንሳሉ። ፈንድ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ርካሽ፣ ግልጽና ሰፊ ፈንድ ለረጅም ጊዜ ቆጣቢ ጥሩ መሣሪያ ነው። ጽሑፉ ግን ውዱንና ርካሹን በአንድ ስም ጠርቶ አለፈ።

«በዓመት 12 በመቶ ሲያስገኝ የኖረ»

ይህ ቁጥር ሦስት ቦታ ላይ ሊያሳስት ይችላል። አንደኛው አማካዩ ነው። ፈንዱ በመጀመሪያው ዓመት 50 በመቶ ቢያተርፍና በሁለተኛው 40 በመቶ ቢከስር፣ የሁለቱ አማካይ 5 በመቶ ትርፍ ነው። 100 ብር ያስገባው ሰው ግን 150 ደርሶ ወደ 90 ወርዷል፤ 10 ብር ጎድሎታል። መጠየቅ ያለበት «100 ብር አስገብቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስንት ይሆን ነበር፣ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ?» ነው።

ሌላው፣ የወደቁት ከመዝገብ መውጣታቸው ነው። ድርጅቱ አሥር ፈንድ ከፍቶ፣ ስድስቱ 12 በመቶ፣ አራቱ 2 በመቶ ቢያስገኙና አራቱን ዘግቶ ወይም ከሌሎቹ ጋር ቀላቅሎ ቢያጠፋቸው፣ ማስታወቂያው ላይ የሚቀረው 12 ነው። የአሥሩም እውነተኛ አማካይ ግን 8 ነበር። ሦስተኛው የዋጋ ንረት ነው። የዋጋ ንረቱ 20 በመቶ በሆነበት ዓመት 12 በመቶ ያገኘ ሰው ብሩ ቢበዛም የመግዛት አቅሙ 6.7 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ጽሑፉ ባንክን በዋጋ ንረት መለካቱ ተገቢ ነበር፤ ፈንዱን ግን በዚያው ሚዛን አልመዘነውም።

በፈለጉት ቀን ስለማውጣት

ለድሬዳዋ ነጋዴ ከሁሉ የሚያሳስበን ይህ ነጥብ ነው። ኮንቴይነሩ የደረሰለት ሰው ቀረጥ የሚከፍለው ዛሬ ነው። ሲዘገይ የወደብና የመጋዘን ክፍያው በቀን ይቆጥራል። ከፈንድ ገንዘብ ማውጣት ግን ከባንክ እንደማውጣት አይደለም። ጥያቄው የገባው ጠዋት ቢሆንም የሚከፈለው ከጥያቄው በኋላ በሚሰላው ዋጋ ነው፤ ስለዚህ ስንት እንደሚደርሰው ሲፈርም አያውቅም። ከዚያ ክፍያው እስኪፈጸም ቀናት አሉ። በአሜሪካ ሕግ ፈንዱ እስከ 7 ቀን ጊዜ አለው። በደንቡ ላይ በአንድ ቀን ከተወሰነ በመቶ በላይ አይወጣም የሚል ገደብ፣ ወይም አስተዳዳሪው ክፍያን ለጊዜው ማቆም ይችላል የሚል አንቀጽ ሊኖር ይችላል። ይህ አንቀጽ በማስታወቂያ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም፤ የሚገኘው ፕሮስፔክተስ በሚባለው የደንበኛ ሳቢ መግለጫ ውስጥ ነው።

ያ በር ለምን እንደሚዘጋ በቁጥር እናሳይ። 100 ሚሊዮን ብር፣ 1 ሚሊዮን ዩኒት ያለው ፈንድ እንውሰድ። 20 ሚሊዮኑ ጥሬ ገንዘብ፣ 80 ሚሊዮኑ በገበያ ያልተመዘገበ፣ ዋጋው ባለፈው ዓመት ሽያጭ የተገመተ አክሲዮን ነው። መጥፎ ወሬ ይሰማና የ150,000 ዩኒት ባለቤቶች ቀድመው በ100 ብር ዋጋ 15 ሚሊዮን ብር ይዘው ይወጣሉ። ቆይቶ አክሲዮኑ ሲሸጥ 30 በመቶ ወርዶ 56 ሚሊዮን ብቻ ያወጣል። ለቀሩት 850,000 ዩኒቶች ያለው 5 ሚሊዮን ጥሬ ገንዘብና ይህ 56 ሚሊዮን ነው፤ ለእያንዳንዱ 71.76 ብር። ኪሳራው ለሁሉም እኩል ተካፍሎ ቢሆን ኖሮ 76 ብር ይደርስ ነበር። ታግሦ የቆየው ሰው የቀደመውን ሰው ኪሳራ ከፈለ። ሰው ይህን ስለሚያውቅ ወሬ ሲሰማ ይሮጣል፤ ሩጫው ራሱም ፈንዱን ይጥለዋል።

ይህ የደረሰ ነገር ነው። በእንግሊዝ የኒል ውድፎርድ ኢኩዊቲ ኢንካም ፈንድ በየቀኑ የሚወጣበት ተብሎ የተሸጠ ነበር፤ በደህናው ዘመን ከ10 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ይዟል። ውጤቱ ሲበላሽ ሰዎች መውጣት ጀመሩ። አስተዳዳሪው ለመክፈል ቶሎ የሚሸጠውን ሸጠ፤ የማይሸጠው ክምችት ከቀረው ንብረት ውስጥ ድርሻው እያደገ ሄደ። እ.ኤ.አ. በጁን 2019፣ 3.7 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲቀረው በሩ ተዘጋ፤ ከ300,000 በላይ ሰዎች ገንዘባቸው ተያዘ። ተዘግቶም የአስተዳደር ክፍያው መቆረጡን አላቆመም ነበር። በሕንድም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ፍራንክሊን ቴምፕልተን ስድስት የብድር ሰነድ ፈንዶችን በአንድ ቀን ዘግቷል።

«እኔ የምገባው የግምጃ ቤት ሰነድና አጭር ብድር የሚይዘው፣ የማይናወጥ የሚባለው ፈንድ ውስጥ ነው» ለሚልም የሚታወስ ነገር አለ። በአሜሪካ ሪዘርቭ ፕራይመሪ ፈንድ ሁልጊዜ አንድ ዩኒት አንድ ዶላር ሆኖ የሚቆይ ተብሎ የሚታመን ነበር። ሌማን ብራዘርስ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2008 ሲከስር ፈንዱ የዚያን ባንክ 785 ሚሊዮን ዶላር የአጭር ጊዜ ሰነድ ይዞ ተገኘ። ይህ ከጠቅላላ ንብረቱ ትንሽ ክፍል ነበር። በማግስቱ ዩኒቱ 97 ሳንቲም ሆነ፤ ገንዘቡም ታገደ። ኪሳራው ሦስት ሳንቲም ቢሆንም፣ በዚያው ሳምንት ደመወዝ መክፈል ለነበረበት ድርጅት ችግሩ የታገደው 97ቱ ነበር።

ስለዚህ በስድስት ወር ውስጥ ለቀረጥ፣ ለኪራይ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለሠርግ የሚፈለግ ገንዘብ ፈንድ ውስጥ መግባት የለበትም። ቢያንስ አምስት ዓመት የማይነካው ብቻ ይግባ።

ዘመናዊ ዕቁብ ነው?

አይደለም። በዕቁብ ውስጥ ገንዘቡ አይሠራበትም፤ ይዞራል። አባሉ የሚያገኘው ያስገባውን ያህል ነው፤ አደጋው ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው መክፈል ማቆሙ ነው፤ ለዚያ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ዋሱ አሉ። በፈንድ ውስጥ ዋስ የለም፤ የዋጋ መውረድን የሚመልስ ዳኛም የለም። ዕቁብተኛ አብረውት የሚጥሉትን በስም ያውቃል፤ የፈንድ ባለዩኒት ማን ነገ እንደሚወጣ አያውቅም። ሁለቱን አንድ ማድረግ ሰዎች በዕቁብ ላይ ያላቸውን እምነት ለሌላ ነገር ማዋስ ነው።

ስለ ዶላሩና ውጭ ስላለው ዘመድ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጽሑፉ ይህን እንደ ፈንዱ ትርፍ ይቆጥረዋል። 1,000 ዶላር ፈንድ ውስጥ ኖሮት ፈንዱ 10 በመቶ የከሰረበትን ሰው እናስብ። በብር ሲያሰላ 57,000 የነበረው 90,000 ሆኖ ያገኘዋል፤ ያተረፈም ይመስለዋል። ዶላሩ እንዲሁ ቢቀመጥ ግን 100,000 ይሆን ነበር። ጭማሪው የምንዛሪው ነው፤ ፈንዱ የሰጠው ኪሳራ ነው። ሁለቱ ተለያይተው ካልታዩ መጥፎ ፈንድ ለዓመታት ጥሩ መስሎ ይኖራል።

ሌላው የግብር ጉዳይ ነው። እዚህ እየኖረ የአሜሪካ ፈንድ በራሱ ስም ያለው፣ የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ያልሆነ ሰው፣ ከሚደርሰው የትርፍ ክፍፍል ላይ 30 በመቶ እዚያው ይቆረጥበታል፤ አገራችን ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት ቅናሽ አያገኝም። ቢሞት ደግሞ በአሜሪካ ያለው ንብረቱ ከ60,000 ዶላር በላይ ከሆነ የውርስ ግብር ይጠየቅበታል፤ ወራሾቹም ገንዘቡን ለማስለቀቅ ረጅም የወረቀት ሥራ ይጠብቃቸዋል። እዚህ ያለውን ብር ወደ ዶላር ለውጦ መላክም በብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ የሚገዛ ጉዳይ ነው፤ በጓሮ የሚላክ ገንዘብ ከተያዘ ወይም ከጠፋ የሚከራከርለት የለም።

ሚኒሶታ ወይም ቶሮንቶ ባለው ወንድም ስም ይገዛ ቢባልስ? በሕግ ፊት ባለቤቱ ወንድሙ ነው። ወንድሙ ቢፋታ፣ ዕዳ ቢኖርበት ወይም ቢሞት ገንዘቡ ከእርሱ ንብረት ጋር ይቆጠራል። ግብሩም በእርሱ ላይ ነው። የአሜሪካ ፈንዶች በዓመቱ ውስጥ ሸጠው ያተረፉትን ብዙውን ጊዜ በዓመቱ መጨረሻ ለባለዩኒቶች ያከፋፍላሉ፤ ባለዩኒቱ አንድም ሳንቲም ሳያወጣ ግብር ይከፍልበታል። በኖቬምበር የገባ ሰው ሳይቀር ከእርሱ በፊት ለተገኘው ትርፍ ግብር ይጠየቃል።

የተገላቢጦሹም አለ፦ የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው የድሬና የሐረር ልጆች አገር ቤት በሚከፈት ፈንድ ውስጥ እንዲገቡ መገፋፋታቸው። በአሜሪካ የግብር ሕግ የውጭ አገር ፈንድ አብዛኛውን ጊዜ በልዩ ምድብ ይወድቃል፤ በቅጽ 8621 ይገለጻል፤ አስቀድሞ ተገቢው ምርጫ ካልተደረገ ትርፉ በከፍተኛው የግብር መጠን፣ ወለድ ተጨምሮበት ሊሰላ ይችላል። ከመግባት በፊት እዚያ ያለ የግብር ባለሙያ ማማከር ከማናቸውም ኮሚሽን ይረክሳል።

ጽሑፉ በዝምታ ያለፈው

በጀጎልም ሆነ በመጋላ ከወለድ የሚጠነቀቅ ብዙ ሰው አለ፤ ጽሑፉ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ተራ ፈንድ ቦንድ ይይዛል፤ ጥሬ ገንዘቡንም ወለድ በሚከፍል ሒሳብ ያስቀምጣል። ከወለድ ነፃ ነኝ የሚል ፈንድ ደግሞ ሚዛኑን ማሳየት አለበት። በሰፊው የሚታወቀው የአዮፊ (ለእስላማዊ ፋይናንስ መስፈርት የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት) መስፈርት ኩባንያው ያለበት የወለድ ብድር ከገበያ ዋጋው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ያልተፈቀደ ገቢውም ከጠቅላላው ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይጠይቃል። ያ ትንሽ ያልተፈቀደ ገቢ በየጊዜው ተሰልቶ ለምጽዋት መውጣት አለበት። ማን ያሰላዋል፣ ፈንዱ ያወጣዋል ወይስ ባለዩኒቱ ራሱ? የሸሪዓ ቦርዱ አባላት እነማን ናቸው፣ ክፍያቸውስ ከየት ይወጣል? ይህም ወጪ ነው፤ ከፈንዱ ንብረት ላይ ይቆረጣል።

ፈቃድና ዋስትና

ፈቃድ ማለት የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ድርጅቱ መስፈርት ማሟላቱን አረጋግጧል፣ ይቆጣጠረዋል ማለት ነው። ዩኒቱ ከ100 ወደ 70 ብር ቢወርድ መንግሥት 30 ብሩን ይመልሳል ማለት አይደለም። ለባንክ ተቀማጭ እስከተወሰነ መጠን የሚሸፍን የተቀማጭ ገንዘብ ኢንሹራንስ ፈንድ ተቋቁሟል፤ ያ ዋስትና የሚያገለግለው ለተቀማጭ እንጂ ለፈንድ ዩኒት አይደለም፤ ዩኒቱ በዚያው ባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ላይ ቢሸጥም እንኳ።

ፈቃዱን ማየት ግን ግድ ነው፤ የሚታየውም ወኪሉ በያዘው ፎቶ ኮፒ ሳይሆን ባለሥልጣኑ ባወጣው የተፈቀደላቸው ዝርዝር ላይ ነው። ስሙ ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። ቀጥሎ የደንበኛ ሳቢ መግለጫው ይጠየቃል፤ በእርሱ ውስጥ የመግቢያ፣ የመውጫና ዓመታዊ ክፍያ፣ ክፍያ የሚታገድበት ሁኔታ፣ ያልተመዘገበ አክሲዮን ዋጋ የሚተመንበት ዘዴ፣ ንብረት ጠባቂው ባንክና ኦዲተሩ ይፈለጋሉ። አስተዳዳሪውና ንብረት ጠባቂው አንድ ድርጅት ከሆኑ፣ ገንዘቡን የሚያዘውና የሚጠብቀው አንድ እጅ ነው፤ እዚያ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። «በየወሩ ይህን ያህል በመቶ የተረጋገጠ» የሚል ተስፋ ካለ ንግግሩ እዚያው ያበቃል፤ ዋጋው በየቀኑ የሚለዋወጥ ንብረት የያዘ ፈንድ ይህን ቃል ሊሰጥ አይችልም።

ገንዘቡ የሚገባው በንብረት ጠባቂው ባንክ በፈንዱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው። ወደ ወኪሉ የግል ሒሳብ ወይም ቴሌብር ቁጥር የሚላክ ብር ፈንድ ውስጥ አልገባም፤ ግለሰብ እጅ ነው ያለው። ከተላከ በኋላ የዩኒቱ ብዛት፣ የተገዛበት ዋጋና ቀን የሰፈረበት ማረጋገጫ በባለገንዘቡ ስም በፈንዱ በራሱ መሰጠት አለበት። ቀኑ አልፎ ካልመጣ የባንኩን የማስተላለፊያ ወረቀትና ከወኪሉ ጋር የተደረጉትን መልእክቶች ሳያጠፉ ይዞ፣ በጽሑፍ ለፈንዱ አስተዳዳሪ፣ በዚያው ሳምንት ደግሞ ለባለሥልጣኑ ማመልከት ነው። ሒሳቡ የግለሰብ ሆኖ ከተገኘ ለፖሊስና ለባንኩ በዕለቱ ማሳወቅ ይገባል፤ ብሩ ወደ ሌላ ሒሳብ ከተዛወረ በኋላ ማስመለሱ እጅግ ይከብዳል።